ለኳስ ተብሎ የተቆለፈው

ወንድሜ ስልኩን የዘጋው መስሎት ነበር። እኔ ደግሞ ሁለቱም እጆቼ በአባዬ ሸሚዝ ቁልፎች ተይዘው ስለነበር ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። «በቃ እህቴ፣ የመልመጃውን ኮፒ በፍላሽ ካገኘሽልኝ ነገ ዛሬ ሳልል መጥቼ አባዬን እወስደዋለሁ» ብሎ ተሰናበተኝ። ከዚያ የሳህን ኮሽታ ተሰማ፤ ከዚያ ደግሞ የራሱ ድምፅ፣ አሁን ለሚስቱ፦ «ኮፒ እንደሆነ አይገኝም፣ አጣርቻለሁ። ቴሌቪዥኑ እዚያ እስካለ ድረስ አባዬም እዚያው ነው። አትጨነቂ።» ሚስቱ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ስልኩ የተዘጋው ያን ጊዜ ነው። የአባዬን የአንገት ቁልፍ እንደያዝኩ ቀረሁ። የአባዬ ጆሮ ደህና ነው። በሽታው የነካው ምላሱንና ግራ ጎኑን እንጂ ጆሮውን አይደለም። ቀና ብዬ ሳየው ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሏል። እኔም እንዳልሰማሁ ሰው ሆኜ ቁልፉን ቆለፍኩለት።

አባዬን የምንይዘው በየተራ ነው። ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ ወንድሜ ራሱ ነው «በየተራ እንያዘው፣ አንቺ ብቻሽን ለምን ትጎጃለሽ» ብሎ ያቀረበው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ወንድሜ ሲናገር ከልቡ ነው፣ ችግሩ ተራው ሲደርስበት ነው። የሱ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ቤቱ እየተቀባ ነበር። ቀጥሎ የልጆቹ ፈተና መጣ፣ ቀጥሎ የሚስቱ እናት በእንግድነት መጡ። እኔ በሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሜካፕ ሠሪ ነኝ። የጠዋቱን ዜና የሚያነቡትን ሰዎች ፊት የማዘጋጅ ስለሆንኩ ጎህ ሳይቀድ መግባት አለብኝ። አባዬ ቀን ቀን ለብቻው ይሆናል፤ ጠዋት ግን ደግፎ የሚያስነሳው፣ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ሰው ይፈልጋል። እስካሁን ጓደኞቼ ፈረቃዬን ሲሸፍኑልኝ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት ግን አለቃዬ ጠርታ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ካልገባሁ ቦታዬን ለሌላ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ክፋት የለባትም፣ እሷንም ከላይ እየጨቀጨቋት ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።

የአባዬ መልመጃ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከሆስፒታሉ የተላከ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር፤ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አሰናበተው። እኔም ሞክሬያለሁ። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ሆኖ የስንቱን ቤት ጣሪያ ያቆመ ሰው፣ ልጁ «ግራ እጅህን አንሣ» ስትለው ፊቱ ይጠቁርና ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አንድ ቀን ጠዋት ግን በእኛ ጣቢያ «ወንበር ላይ ሆነን» የሚባለው የአረጋውያን ስፖርት ሲተላለፍ፣ እኔ ከወጥ ቤት ብቅ ስል አባዬ ከአሠልጣኟ እኩል እጁን ሲያንቀሳቅስ አገኘሁት። አሠልጣኟን አውቃታለሁ፣ ፊቷን የምቀባት እኔው ነኝ። ካሜራ ፊት እንደ ላስቲክ የምትተጣጠፍ ሴት፣ ካሜራው ሲጠፋ ወገቧን ይዛ ስታቃስት ሰምቻለሁ። ይህን ለአባዬ ነግሬው አላውቅም። «ግራችሁን አትርሱት፣ እሱም የእናንተው ነው» ትላለች ፈገግ ብላ፤ አባዬም ግራውን ያነሳል። በመጀመሪያ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ፣ እያደረ እስከ ሆዱ፣ እያደረ እስከ ደረቱ። ከደረቱ በላይ ግን እምቢ አለ። ከበሽታው በኋላ አጥርቶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ግራ» ነው። ለሷ ብሎ ሸሚዙን በየጠዋቱ እስከ አንገቱ ያስቆልፈኛል፤ በፒጃማ ሆኖ አያያትም።

ሜካፕ ክፍል የማይሰማው ወሬ ስለሌለ ፕሮግራሙ ሊቆም መሆኑን ቀድሜ ሰማሁ። ወዲያው ፍላሽ ገዝቼ፣ ሻጩም «ይሄ ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎብኝ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥኔ ጀርባ ሰክቼ የቻልኩትን ያህል ቀረጽኩ። ፕሮግራሙ ቆመ፤ አሠልጣኟም አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። አባዬ ግን በየጠዋቱ ከፍላሹ እያየ መልመጃውን ቀጠለ። ከዚያ ባለፈው እሁድ ፍላሹን ነቅዬ ወንድሜ ቤት ወሰድኩና ግድግዳውን ግማሽ በያዘው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። «ይህን ቅጂ በዚህ መሣሪያ ላይ ማየት አይቻልም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግመን ሰካነው፣ ያው ጽሑፍ ደግሞ መጣ። «እንግዲያው የእኔን ቴሌቪዥን ነቅዬ ከአባዬ ጋር ላምጣው» አልኩ። የወንድሜ ሚስት አዲስ የተቀባውን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች «ሁለት ቴሌቪዥን? ሳሎናችን ሱቅ ሊመስል ነው እኮ» አለች፣ እየሳቀች። ወንድሜ ደግሞ መልመጃ የሌለበት ቤት አባዬን ወስዶ እጁ ቢደርቅ ዕድሜ ልኩን ሲቆጨው እንደሚኖር ተናገረ። ይህንንም ከልቡ ነው የተናገረው። በሱ ቴሌቪዥን የሚከፈት ኮፒ ካገኘሁ ግን ይወስደዋል፤ ቃል ነው።

ዛሬ ጠዋት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለአባዬ ምሳውን ከድኜ አስቀመጥኩና ቆሽቴ እያረረ ወጣሁ። ኮፒ አይገኝም? እኔ እኮ የምሠራው እዚያው ጣቢያ ነው። ከዶሮ ቆጥ ላይ እንቁላል ይታጣል እንደማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ማሰራጫ ክፍል ነው። እዚያ «ሽቦ» የምንለው ቴክኒሻን አለ፣ ቀጭንና ሁልጊዜ የሚደነግጥ ሰው። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ማቀዝቀዣው ያንዘፈዝፋል፣ ሽቦም በሙቀት ወራት ካፖርት ለብሶ ነው የሚሠራው። ጉዳዬን ስነግረው ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ።

«የቅጂ መከላከያ ነው» አለ። «እሱ ከበራ የሰው ቴሌቪዥን የቀረጸውን በራሱ ላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላ ቴሌቪዥን ላይ ብትሰኪው አይከፍትም።»

«ማነው ያበራው?»

«እኔ ነኝ።»

አንድ ጊዜ ትልቅ የኳስ ጨዋታ ሲገዛ፣ ሻጮቹ ማንም እንዳይቀዳው ይቆለፍ አሉ፤ ደብዳቤ መጣ፣ ሽቦም አበራው። ጨዋታው አለቀ። አጥፋው የሚል ደብዳቤ ግን አልመጣም። ከዚያ ሌላ ኳስ፣ ከዚያ ሌላ፤ በመሀል የሚተላለፈው ሁሉ አብሮ እንደተቆለፈ ቀረ። ዜናው፣ የልጆች መዝሙሩ፣ የአባዬ መልመጃ፣ የአየር ሁኔታው ሳይቀር። የነገን ዝናብ ማን ሰርቆ ምን ሊያደርገው እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ ምን ላድርግ? ያለ ደብዳቤ ባጠፋውና የማታው ጨዋታ ቢሰረቅ የሚጠየቀው ማን ነው?» አለኝ። ማታ ለካ ደግሞ ትልቅ ጨዋታ አለ። «ደግሞ አሁን ባጠፋውም አይጠቅምሽም፣ ተቆልፎ የተቀረጸው እንደተቆለፈ ነው የሚኖረው። ያለሽ አማራጭ ከመዝገብ ቤት ንጹሕ ኮፒ ማውጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የቅጂ መብት ክፍል ይፍቀድ።» ስወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው፤ እኔ መጥቼ እንደነበር እንዳይታወቅበት ይመስላል።

የቅጂ መብት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ምንጣፍ አለው። ኃላፊዋ ወጣት የሕግ ባለሙያ ናት፤ ስብሰባ በተቀረጸ ቁጥር እኔ ዘንድ ትመጣለች፣ ቅንድቧን ሳሳምርላት «እጅሽ ይባረክ እቴ» ትላለች። አሁንም ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ አባቴን «እግዚአብሔር ይማራቸው» አለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ መንገዱን አንድ በአንድ ትዘጋው ጀመር።

«አባትሽ በስርጭት ሰዓቱ ቢያዩትስ?»

«ፕሮግራሙ ቆሟል እኮ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታዩት?»

«ሳይቆም የቀረጽኩትን።»

«ቀርጸሽዋል?» አለች፣ ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ነገር አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩ ይመስል። ከዚያ አዘነችልኝና ኮፒ ለማውጣት የአሠልጣኟ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ እሱ ቢገኝ እንኳ ከመልመጃው ጀርባ ለስለስ ብሎ የሚሰማው ሙዚቃ ባለቤት ውጭ አገር ያለ ኩባንያ እንደሆነ፣ እሱም ለስርጭት እንጂ ለሰው ለመስጠት እንዳልፈቀደ አስረዳችኝ። ሙዚቃውን አጥፍታችሁ ስጡኝ አልኳት። ይህ ሥራውን መለወጥ ስለሆነ የፕሮግራሙን ዳይሬክተር ፈቃድ ይጠይቃል አለች። ቁልፉን ለምን አታስጠፉትም አልኳት፤ ያ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ የማሰራጫ ክፍልን ጠይቂ አለች። ይህን ፕሮግራም የሠራነው እኛ ነን፣ ገንዘቡ ከሕዝብ ኪስ ነው፣ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከፍሎበታል፣ የአሠልጣኟን ላብ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ በልቤ ነው ያልኩት፤ በአፌ ግን «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። የሚያናድደኝም ይሄው ጠባዬ ነው።

ሜካፕ ክፍል ስመለስ አለቃዬ «ቶሎ በይ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተቀምጠዋል» አለችኝ። ከማታው ጨዋታ በፊት የሚታይ ቃለ መጠይቅ ሊቀረጹ ነው። አንገታቸው ላይ ነጭ ፎጣ ታስሮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ ጥለዋል። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ትልቅ ሰው የማይንቀሳቀሰው እዚህ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ግንባራቸው ሰፊ ነው፣ መብራት ሲነካው የሚያበራ ዓይነት፤ ደጋግሞ ፓውደር ካልተደረገበት ካሜራውን ያስቸግራል። ስፖንጁን አንስቼ ከአገጫቸው ጀመርኩና ነገርኳቸው። አሳጥሬ፣ ሳልለምን፣ ስለ ሽቦ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ። ስጨርስ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

«አባትሽ ፕሮግራማችንን ይወዱታል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አዎ ጌታዬ፣ እጃቸውን ያነሱበት በሱ ነው።»

«ይሄን ማታ ብጠቅሰው ቅር ይልሻል? ሕዝቡ ምን ያህል የእኔ እንደሚለን የሚያሳይ ነው።»

«ኮፒውስ?»

«ኳሱ ይለፍና አስታውሺኝ» አሉ። «ቁልፉ የተደረገው ለሕዝቡ ጥቅም ነው፣ ይገባሻል መቼም።»

ይገባኛል መቼም። ጉንጫቸውን ጨረስኩ፣ አፍንጫቸውን ጨረስኩ፣ ግንባራቸው ላይ ስደርስ ስፖንጁን አስቀመጥኩ። ፎጣውን ፈታሁና «አልቋል ጌታዬ» አልኳቸው። በመስታወት ራሳቸውን አዩና ረክተው ሄዱ። በዕድሜዬ ሥራዬን አጉድዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አጎደልኩ፣ አልጸጸትም። ከዚያ ለአለቃዬ ሰኞ ጠዋት መግባት እንደማልችል ልነግራት ወደ እሷ ሄድኩ። ሰው ከቧት ስለነበር ሳልነግራት ተመለስኩ። እንግዲህ በቅዳሜና እሁድ አባዬን ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳ ሰው ይገኝ እንደሆን ብዬ፣ ከየት እንደሚገኝ ሳላውቅ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ የታየኝ ግድግዳው ነው። ቴሌቪዥኑ የለም። የተሰቀለበት ብረት ብቻ ቀርቷል፣ ዙሪያው ፀሐይ ያልነካው ቀለም አራት ማዕዘን ሆኖ። ቴሌቪዥኑ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ስብርባሪው ጠረጴዛው ሥር ድረስ ተረጭቷል። አባዬ ወንበሩ ላይ ነው። ሸሚዙ ጠዋት እንደቆለፍኩለት እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ጫማውን አድርጓል፣ የአንዱ ክር አልታሰረም። ሮጬ እጁን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ፤ ደም የለም። ሌባ ገብቶ ነው ብዬ ዞር ስል ጠረጴዛው ላይ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን አየሁ። ሳህኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በወጉ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው መፍቻ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲፈታ የሚያስቀምጠው የስኒ ሳህን ላይ ነው፤ እናታችን በዚህ ነገር ስትነጫነጭ ነው የኖረችው።

«ወድቆ ነው አባዬ?»

ራሱን ግራ ቀኝ ወዘወዘ።

«ልታወርደው ስትል አምልጦህ ነው?»

አሁንም ወዘወዘ። ቃል ሲፈልግ ከንፈሩ ወደ አንድ በኩል ይሸሻል፤ እስኪያገኘው ጠበቅኩት።

«ጣልኩት» አለ።

ደሜ ፈላ። ጮህኩበት፤ አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ ላንተ ብዬ ደጅ ስጠና ውዬ፣ ለማንም የማላጎነብስ ሴት ጎንበስ ቀና ብዬ፣ አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ የቀረችህን አንዲት ነገር ትሰብራለህ አልኩት። ፍላሹም ቢሆን ከሌላ ቴሌቪዥን ጋር አይሠራም፣ አሁን መምህርትህ ለዘላለም ጠፋች አልኩት። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስብርባሪውን በእጄ ስለቅም እሱ ከወንበሩ ያየኛል። ተናድጄ ሳበቃ ብረቱን ለማየት ቀና አልኩ። ከእኔ ትከሻ በላይ ነው። ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ቴሌቪዥኑ ከመንጠቆው የሚወጣው ወደ ላይ ሲነሳ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከሁለቱም ጎን መያዝ አለበት። በአንድ እጅ አይሆንም፤ ስሰቅለው ጎረቤት ጠርቼ ስለሆነ የሰቀልኩት አውቃለሁ። የአባዬን ግራ እጅ አየሁት። ጭኑ ላይ ተኝቷል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ እንደደከመው ሰው።

«ቴሌቪዥን…» አለ አባዬ። ጠበቅኩት። «እዚህ… የለም።»

በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመኝ። ከበሩ ጀርባ ቦርሳው ቆሟል፤ ዚፑ ሳይዘጋ፣ ልብሶቹ ተጠቅጥቀው፣ የፒጃማው እግር ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ። ጠዋት ስልኩ ላይ የተባለውን አንድም ሳያመልጠው ሰምቷል። ቴሌቪዥኑ እዚያ እስካለ ድረስ አባዬም እዚያው ነው፤ ወንድሜ ያለው ይህንን ነው። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ የጫማውን ክር አሰርኩለትና ታክሲ ጠራሁ።

ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ስለ ማታው ጨዋታ ይለፈልፋል፤ ሹፌሩ ማንን እንደምንደግፍ ጠየቀን። አባዬ መስኮቱን ያያል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ አላስችል አለኝ።

«እሷስ አባዬ? ጠዋት ጠዋት ያለ መምህርትህ እንዴት ልትሆን ነው?»

ከንፈሩ ሸሸ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሸሸ። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየናል።

«እሷ… ቴሌቪዥን ናት» አለ። «አንቺ… ሥራ… አለሽ።»

ከበሽታው ወዲህ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ደክሞት ራሱን ወደ ኋላ ጣለ። እጁን ያዝኩት፤ ግራውን።

ወንድሜ በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። ደወሉ ከበሩ ጎን፣ ሕፃናት እንዳይነኩት ከፍ ተደርጎ የተገጠመ ነው። ቦርሳውን በአንድ እጄ፣ አባዬን በሌላው ስለያዝኩ ቦርሳውን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል አባዬ ቀኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተደገፈብኝና ግራውን ማንሳት ጀመረ። ሆዱ ጋ ደረሰ፣ ደረቱ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ። «ተወው አባዬ፣ እኔ እደውላለሁ» አልኩት። አልሰማኝም። እጁ ደረቱን አለፈ፣ አንገቱን አለፈ፣ ደወሉ ላይ አረፈ። ከውስጥ ደወሉ ጮኸ፤ እጁን ቶሎ ማውረድ ስላልቻለ ረጅም ጊዜ ጮኸ።

ወንድሜ በሩን ከፈተ። በእጁ ሪሞት ይዟል። ከጀርባው፣ አዲስ በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቴሌቪዥናችን የሕዝብ መሆኑን እየተናገሩ ነበር፤ ግንባራቸው ያበራል። ወንድሜ መጀመሪያ አባዬን አየ፣ ቀጥሎ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ዓይኑ ከኋላችን ወደ ታክሲው ሄደ፣ ሌላ ዕቃ ይፈልግ ይመስል።

«መልመጃውስ? ቴሌቪዥኑስ?» አለ።

«የለም» አለ አባዬ፣ አጥርቶ። ከዚያ እኔን ለቆ፣ የበሩን መቃን ይዞ፣ ብቻውን ገባ።